ቢጫው እጄ

ወንድሜን የገደልኩት በስድስት ዓመቴ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ግን አምኜበት ኖሬያለሁ። የገደልኩትም በእርድ ነው፣ አልጫ ውስጥ በሚገባው በዚያ በቢጫው ቅመም። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የእርድ ሽታ ሲመጣብኝ እጄን እደብቃለሁ።

ያኔ አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም። ከጣሊያን ወረራ ሰባት ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የግሪክና የየመን ሰዎች ሱቅ፣ ከሱቆቹ ኋላ የእኛ የሠራተኞቹ ጭቃ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ፤ ከተማዋ ይህችው ነበረች። አባቴ ኃይለየሱስ ከቡልጋ መጥቶ ሐዲድ ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሐዲድ ላይ የምትገፋ ጋሪ ይዘው እስከ ወለንጪቲ እየሄዱ የላላ ብሎን ያጠብቃሉ፣ ጎርፍ የሸረሸረውን በጠጠር ይሞላሉ። እናቴ ሮማነወርቅ እኔን ስትወልድ እልፍነሽ አለችኝ። ብዙ ወንድምና እህት እንዳስከትል ተመኝታ ነው። ከእኔ በኋላ የተወለደው ግን በሦስተኛ ቀኑ ሞተ። እሱን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ሁለተኛውን ነው።

ሁለተኛው የተወለደ ዕለት ቤታችን በጎረቤት ሴቶች ተሞልቶ ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ተኝታለች። አዋላጇ እትዬ አበዛሽ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ወንድ የጎረነነ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱና አጥፍቶ ያገኙትን ሁሉ "ያወጣሁህ እኔ ነኝ፣ እመልስሃለሁ" እያሉ የሚያስፈራሩ ሴት ነበሩ። ለአራሷ አልጫ ይሠራ ብለው አዘዙና እርዱን የመውቀጥ ሥራ ለኔ ደረሰኝ። ሙቀጫውን በእግሬ መሀል ይዤ ወቀጥኩ። እርዱ ደርቆ ጠጠር ሆኗል፤ ዱቄቱ እየተነሳ አፍንጫዬን ይሰነፍጠኛል፣ ከላቤ ጋር እየተቀላቀለ መዳፌ ላይ ይጋገራል። ስጨርስ እጄ እስከ አንጓዬ ድረስ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ሴቶቹ በወሬ ሲጠመዱ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። እናቴ እንቅልፍ ወስዷታል። ወንድሜ አጠገቧ ተጠቅልሎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ፊቱ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ የተቆጣ ሽማግሌ የመሰለ ነው። ግንባሩን ዳሰስኩት። ከዚያ መዳፉን በጣቴ ስነካው ጣቴን ጨብጦ ያዘኝ። እንዲያ አጥብቆ የያዘኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ።

በማግስቱ ጧት እትዬ አበዛሽ ሕፃኑን ወደ በሩ ብርሃን አውጥተው የዓይኑን ቆብ ሳብ አደረጉት። ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ተንጠራርቼ አየሁ፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ግንባሩም ቢጫ ሆኗል። ልክ እኔ የነካሁት ቦታ። ከሰዓት በኋላ ቢጫው ወደ ጉንጩ ወረደ፣ ሲመሽ ደረቱን ያዘ፣ በሦስተኛው ቀን እግሩ ድረስ ደረሰ። ጡት አልያዝ አለ። ጀርባውን ወደ ኋላ እየለመጠ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ለቅሶ ያለቅስ ነበር። በአራተኛው ቀን ለቅሶው ቆመ።

ይህ በሽታ ማንም ነካው አልነካው ከፊት ጀምሮ ወደ እግር እንደሚወርድ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ነበር፤ እጄን ጀርባዬ ኋላ ደብቄ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ።

ከቀብሩ መልስ ሴቶቹ ተቀምጠው ሲያወሩ አንዷ "የወፍ በሽታ ነው" አለች።

"የምን የወፍ በሽታ" አሉ እትዬ አበዛሽ። "ሾተላይ ነው። ሁለት አየሁ፣ በቃኝ። በኩሩን ይተዋል፣ ከበኩሩ ተከትሎ ይገባና የሚመጡትን ይለቅማል። ይኼም ከዚችው ነው የተነሳው።" በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ዝም ይበሉ እትዬ፣ ልጅቷ ትሰማለች" አለች እናቴ። ከለቅሶው ብዛት ድምፅዋ አይወጣም ነበር።

"ልጅ ምን ይገባታል!"

ገባኝ እንጂ። ከሚገባው በላይ ገባኝ። ሾተላይ ምን እንደሆነ ማንም መልኩን አይቶ አያውቅም፤ የእናትን ማኅፀን የሚከተል፣ ጨቅላ ብቻ የሚበላ ክፉ ነገር ነው ይላሉ። እኔ ግን አየሁት። አሥር ጣት ነበረው።

ከዚያ ቀን በኋላ እጄን ማጠብ ሥራዬ ሆነ። ልብስ የሚታጠብበትን እንዶድ ወቅጬ አረፋው ውስጥ እጄን እዘፈዝፋለሁ፣ በአሸዋ እፈትገዋለሁ፣ በአመድ እደግመዋለሁ። ቢጫው በሳምንቱ ለቀቀ። እኔ ግን ወደ ውስጥ የገባ እንጂ የጠፋ አልመሰለኝም። ቆዳዬ ተሰነጣጥቆ ደም እስኪያዥ አጠብኩት። እናቴ ይህን አይታ ለጎረቤት "ልጄ ንጽሕና ለመደችልኝ" ብላ አወራች፤ ምስኪን።

በዓመቱ እናቴ እንደገና አረገዘች። ፍርሃቱ ቤታችን ውስጥ እንደ አንድ ሰው ገብቶ ተቀመጠ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነው። እናቴ ሆዷን በመቀነት ሸፋፍና ትሄዳለች፤ ውሃ ለመቅዳት እንኳ በበሩ አትወጣም፣ በጓሮ በኩል እንጂ። አንድ ቀን እኔን ጠራችኝና ፈገግ ለማለት እየሞከረች "ነይ፣ ሲራገጥ ስሚው" ብላ እጄን ወደ ሆዷ ሳበችው። ጮህኩ። እጄን ነጥቄ ጀርባዬ ኋላ ደበቅኩት። እናቴ ያኔ ያየችኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ልጅዋ የሚመጣውን ወንድምዋን የጠላች መስሏት ይሁን፣ ክፉ ምልክት ያየች መስሏት ይሁን፣ አላውቅም። ሞታለችና አልጠይቃትም።

ሆዷ ሲገፋ አንድ አመሻሽ ላይ ከአባቴ ጋር ስታወራ ከደጅ ሆኜ ሰማሁ።

"ከዚህ ትውጣልኝ" አለች። "እሷ እዚህ እያለች አልወልድም።"

"ሁለት ወር ሙሉ?"

"ዓመትም ቢሆን። ቡዜ እወስዳታለሁ ብላኛለች።"

እኔን አልገረመኝም። እናቴ ማን እንደሆንኩ ደርሳበታለች ማለት ነው። ፍርሃትም እፍረትም ያዘኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ቡዜ ከሐዲዱ ማዶ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከባሏ ከወዬሳ ጋር የምትኖር የከብት ባለቤት ናት። ለእናቴ ወተት እያመጣች ነው የተወዳጁት። ስደርስ ከበረቱ ወጥታ "ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ" አለችኝ፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። እጄን ልትይዘኝ ስትል ሸሸሁ። ጥጃ እንድይዝላት ስታዝዘኝ እምቢ አልኩ። ሦስት ጥጆች ነበሯት፤ ሦስቱም እንደ ሕፃን ዓይናቸው የሚያሳዝን። ብነካቸው ጧት ቢጫ ሆነው የሚገኙ መሰለኝ። ቡዜ የተሰነጠቀ እጄን አየችና ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ልደብቀው ስል ይዛ ቅቤ ቀብታ በጨርቅ ጠቀለለችልኝ። በጨርቅ ሲጠቀለል ትንሽ ቀለለኝ። የታሰረ ውሻ አይናከስም ብዬ ይሆናል።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ጧት መልእክተኛ መጣና ቡዜ ነጠላዋን ለብሳ አንድ እፍኝ ጨው በቅጠል ቋጥራ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም። የሆነውን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ለሾተላይ መላው ይህ ነበር። እሱ በሩን ይጠብቃል ስለሚባል ሕፃኑ በበሩ አይወጣም። የኋላ ግድግዳው ይበሳል፤ ሕፃኑ በዚያ ቀዳዳ ይወጣና ለባዕድ ይሸጣል። የሌላ ሰው ልጅ ከሆነ ሾተላይ አያገኘውም። እትዬ አበዛሽ ከውስጥ ሆነው "ማነሽ?" አሉ። ቡዜ ከውጭ "ገዢ ነኝ" አለች። "እዚህ ያለው የማይረባ ነው" አሉ እትዬ። "ይሁን፣ ለማይረባው ጨው አምጥቻለሁ።" እፍኙ ገባ፣ ልጅቷ ወጣች። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አላለቀሰችም። ካለቀሰች ልጅዋ መሆኗ ይታወቃልና።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያሰቡ ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። እኔን የላኩት ቡዜ ቤት ነው፤ ሕፃኗንም የሸጡት ለቡዜ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቡዜ በነጠላዋ ስር አንድ ነገር አቅፋ መጣች። "ገዛኋት" አለችኝ በደስታ። "የኔ ናት። ሎሚ ብያታለሁ። ነይ እያት፤ ምራቴ ታጠባታለች።" ነጠላውን ገለጠችው። ያችው ቀይ፣ የተጨማደደች፣ የተቆጣች ፊት። ወንድሜ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።

ሮጥኩ። ወዴት እንደምሮጥ አላሰብኩም፤ ከእሷ መራቅ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ሐዲዱ ጋ ስደርስ ለጣቢያው ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ወለንጪቲ ታጠፍኩ። ድንጋዩ እግሬን ያቃጥላል፣ ብረቱ ዓይን ይወጋል። ሲደክመኝ ከሐዲዱ ስር ጎርፍ የሚያልፍባት በድንጋይ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አገኘሁና ሾልኬ ገባሁ። ውስጧ ይቀዘቅዛል፤ የጅብ ሽታ አላት። አጥንቶችም ነበሩ። ግድ አልሰጠኝም፤ እንዲያውም ጅቡ ቢመጣ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ጨርቁን ከእጄ ፈትቼ መዳፎቼን አየሁ። "እጄን ቁረጥልኝ" ብዬ ጸለይኩ። "እጄን ቁረጥና እሷን ተዋት።" የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከልቤ ነው የለመንኩት።

ያኔ ከላዬ ባቡሩ መጣ። መጀመሪያ ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ አቧራ ከጣሪያው ረገፈ፣ ቀጥሎ ዓለም ሁሉ ጩኸት ሆነ። ጸሎቴ ተሰምቶ እጄን ሊቆርጥ የመጣ ስለመሰለኝ ሁለት እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልፎ ሲሄድ እጆቼ እንዳሉ ነበሩ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

አባቴና ጓደኞቹ በጋሪያቸው ሲያልፉ ለቅሶዬን ሰምተው አወጡኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ትከሻዬን ይዞ "ከማን ነው የምትሸሺው? ማን ነካሽ?" አለኝ።

እጆቼን ዘረጋሁለት። "ይኼ ነው" አልኩት።

የተሰነጠቀውን ቆዳ አየ፣ ድንጋይ የቧጠጠኝ መሰለው። "አይዞሽ፣ ይድናል" አለና ትንፋሹን እፍ አለበት። በዓለም ላይ እኔን ለመጠየቅ የቀረበ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ግን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ሰባት ቀን ቡዜ ቤት አልገባ አልኩ። ከጥጆቹ ጎጆ ደጃፍ ሆኜ እጠብቃለሁ። በየጧቱ ቡዜ ሎሚን ወደ ብርሃን ታወጣና የዓይኗን ቆብ ሳብ ታደርጋለች፤ እኔ ከሩቅ ትንፋሼን እይዛለሁ። ነጭ። በማግስቱም ነጭ። በሦስተኛው ቀን ቆሜ መጠበቅ አቅቶኝ ተቀመጥኩ። ነጭ። በስምንተኛው ቀን እናቴ ገና ሳትጠና እየተንገዳገደች መጣች። ወደ ሕፃኗ አልሄደችም። ቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ሁለት ክንዴን ከጎኔ ጋር አጣብቃ አቀፈችኝ፣ አለቀቀችኝም። ሕፃኗን እንዳልነካ የያዘችኝ መሰለኝ። እኔም እንድትይዘኝ ብዬ አልተንቀሳቀስኩም።

እናቴ ከሞተች በአሥረኛው ዓመት ቡዜ አንድ ቀን እንደ ዋዛ እያወራች እንዲህ አለችኝ፦ "እናትሽ ያኔ አንቺን ምን ብላ እንደሰጠችኝ ታውቂያለሽ? 'ይኼኛው እንደነዚያ የሚሄድ ከሆነ ይሂድ። በኩሬን ግን ደብቂልኝ። ሾተላይ ጨቅላ ካጣ ወደ እሷ ይዞራል' ነው ያለችኝ። ለሕፃኗ አልፈራችም፤ የፈራችው ላንቺ ነው።" ምን ልበል? ተቆጣሁ። ሁለታችን በአንድ ቤት ውስጥ አንዳችን ለአንዳችን ስንፈራ ኖረን አንድ ቃል ሳንነጋገር ተለያየን።

ይህን መስማቴ ግን እጄን አላዳነልኝም። ባል አገባሁ፣ ሁለት ልጅ ወለድኩ። ሁለቱንም እስከ ክርስትናቸው ሳጠባ እጄን በነጠላ ጠቅልዬ ነበር የማቅፋቸው። አማቴ ኩራት ነው ብላ አማችኝ።

ሎሚ አደገች። ዘግይታ አገባች። በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሴት ልጅ ወለደች፣ ሸዋወርቅ አለቻት። ከሰባት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ በዚያው ዕለት ሕፃኑ ቢጫ ሆነ። ስልክ ሲደወልልኝ ያ የእርድ ሽታ መጣብኝ። በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ።

ሐኪሙ የአገራችን ሰው፣ ገና ወጣት ነው። የሕፃኑ ደም ተቀድቶ በሌላ ደም መተካት አለበት አለ። "ከእኔ ውሰዱ" አልኩ። ጣቴን ወግተው መረመሩና "የእርስዎ አይሆንም፣ እማማ" አለኝ ሐኪሙ። ለካ መልሱን እየጠበቅኩ ኖሬያለሁ። ወንበር ስጡኝ አልኩ።

ሐኪሙ ደግ ነበር፤ ደም ከሌላ ሰው እስኪመጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለ እናቴና ስለሞቱት ወንድሞቼ ጠይቆኝ አስረዳኝ። "በብዙ ሰው ደም ላይ አንድ ምልክት አለ፣ አር ኤች ይባላል። በእህትዎ ደም ላይ የለም፤ እንደነገሩኝ ከሆነ በእናታችሁም ላይ አልነበረም። የመጀመሪያው ልጅ ምልክቱን ከአባቱ ወስዶ ሲወለድ ትንሽ ደሙ ከእናቱ ደም ይቀላቀላል። እሱን ምንም አይነካውም። የእናቲቱ ሰውነት ግን ባዕድ ገባብኝ ብሎ ይዘጋጃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ምልክቱ ካለው ደሙን ያጠፋበታል። ቢጫው ከዚያ ነው።"

"ሎሚስ? እሷ እንዴት ተረፈች?"

"የእናቷን ደም ወስዳ ነው። ምልክቱ ስለሌላት የሚያጠቃት አልነበረም።"

ጨው አይደለም፣ ቀዳዳው አይደለም፣ የእኔ ጸሎትም አይደለም። "እንግዲያ ከበኩሩ ተከትሎ ነው የሚገባው" አልኩ። የእትዬ አበዛሽ ድምፅ ከአፌ የወጣ መሰለኝ።

"እንዲያ ማለት ይቻላል" አለ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ደነገጠ። "ጥፋቱ ግን የማንም አይደለም፣ እማማ። መወለድ ጥፋት ነው እንዴ?"

ልመልስለት ቀና ስል በሩ ላይ ሸዋወርቅን አየኋት። ሁሉንም ሰምታለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ሁለት እጆቿ ጀርባዋ ኋላ ናቸው።

ተነስቼ ሄድኩና ፊት ለፊቷ በርከክ አልኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ተንቋቋ። "እጅሽን ስጪኝ" አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"እኔ ነኝ?" አለች በሹክሹክታ።

"አይደለሽም።"

"ቢሞትስ?"

"ቢሞትም አይደለሽም።"

ሕፃኑ መዳን አለመዳኑ ገና አልታወቀም ነበር። እስኪታወቅ ግን አልጠበቅኩም፤ ማንም ምንም ሳይነግረኝ የቆየሁት ጊዜ ምን እንዳደረገኝ አውቃለሁ። ከጀርባዋ እጇን አውጥቼ ይዤያት ወደ አልጋው ወሰድኳት። ነርሷ ልትከለክለን ስትል ሐኪሙ ተይ አላት። የሸዋወርቅን ጣት ቢጫው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጨብጦ ያዛት። ከዚያ እንደ ልማዴ እጄን የጠቀለልኩበትን ነጠላ ፈትቼ እኔም እግሩን ነካሁት። ይሞቅ ነበር።